ፋብሪካ ያልጨረሰው ካምቢዮ

ፒክአፑ ከቆመበት ሲነሳ ደህና ነው። ፍጥነት ጨምሮ ሁለተኛ ማርሽ ሲጠበቅ ግን ሞተሩ ባዶውን ያጓራል፤ ጉልበቱ ጎማው ዘንድ አይደርስም። ሦስተኛው ሲገባ መኪናው እንደገና ይይዛል። አራተኛ የለም። ሹፌሩ ለማቆም ወደ ኋላ ልበል ሲል የኋላ ማርሽም የለም። ይህን ስሞታ የሰማ አሜሪካዊ የካምቢዮ መካኒክ መኪናውን በክሪክ ሳያነሳ የተሰበረውን ዕቃ በስሙ ይጠራዋል፦ "ሰን ሼል"። የደወል ቅርጽ ያለው ስስ የብረት ሽፋን ነው፤ መሐሉ ላይ የፀሐይ ጥርስ የሚባለውን ጥርስ ይዞ ይሠራል። ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ ሦስቱም በእሱ በኩል ስለሚያልፉ፣ አንገቱ የተበጠሰ ወይም ጥርሱ የተላጨ ቀን ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ።

ካምቢዮው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሼቭሮሌና በጂኤምሲ ፒክአፖች ላይ ለዓመታት የተገጠመው የጀነራል ሞተርስ 4ኤል60ኢ ነው። መካኒኩ የተሰበረውን ሼል አውጥቶ ሲጥል ያንኑ የፋብሪካ ዓይነት አይመልስም። ወፍራም፣ በእሳት የጠነከረ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ "ቢስት" ማለትም አውሬው እየተባለ የሚጠራ ሌላ ሼል ይገጥማል። ይህን ዕቃ ያስገኙት ካምቢዮውን የነደፉት መሐንዲሶች ሳይሆኑ፣ ሲሰበር ማየት የሰለቻቸው የጥገና ሰዎችና የመለዋወጫ አምራቾች ናቸው።

የአሜሪካ አውቶማቲክ ካምቢዮ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በፈጣሪዎች ስምና በፓተንት ነው። ግማሹ ታሪክ ግን የተሠራው ጋራዥ ውስጥ፣ ዘይት የጠገበ ጠረጴዛ ላይ ነው። የጭነት መኪናው ካምቢዮ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለቤት መኪና ምቾት የታሰበ ዕቃ ተጎታች ታስሮበት፣ ጠጠርና እንጨት ተጭኖበት ዳገት ሲወጣ የቱ ጋ እንደሚደክም ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው የበተነው ሰው ነው።

ለአማርኛ ጆሮ "አውቶማቲክ" እና "የጭነት መኪና" ብዙም አብረው የኖሩ ቃላት አይደሉም። የኢትዮጵያ ጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያን የተወረሰ ነው፦ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ። የፊያት የጭነት መኪና ሹፌር ሙያው የሚለካው ዳገት ላይ ጥርስ ሳያስጮህ ማርሽ በመቀነስ ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ራሱ የሚቀይር ካምቢዮ የወይዘሮ መኪና ዕቃ ይመስለው ነበር ቢባል አይፈረድበትም። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። ዛሬ እዚያ በጭነት መኪና የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ስላልሆኑ ታሪኩ ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአውቶማቲክ በፊት ነው። ሄንሪ ፎርድ በ1908 ያወጣው ሞዴል ቲ ሁለት የፊትና አንድ የኋላ ማርሽ ነበረው፤ የሚቀየሩትም በእግር ፔዳል ነው። ውስጡ ያለው ፕላኔታሪ የሚባለው የጥርስ ስብስብ ነው። ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ስለሚዞሩ እንደ ተራው ካምቢዮ አንዱን ጥርስ ከሌላው ጋር የማጋጨት ጣጣ የለበትም። ማርሽ የሚገባው አንዱን ከበሮ በቀበቶ አንቆ በማቆም ነው፤ አንዱ ሲታሰር ሌላው ፍጥነቱን ለውጦ ይዞራል። ከዚያ ወዲህ የመጡት የአሜሪካ አውቶማቲኮች በአብዛኛው የቆሙት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

የሞዴል ቲ ቀበቶዎች ገበራቸው የጥጥ ሽመና ነበር። ቶሎ ያልቃል፤ ባለቤቱም ክዳኑን ከፍቶ ራሱ ይቀይረዋል። ሞተሩና ካምቢዮው የሚጠጡት አንድ ዘይት ስለነበር ከገበሩ የሚረግፈው የጥጥ ብናኝ ሄዶ የሞተሩን የዘይት ቱቦ ይደፍናል። በ1917 ፎርድ አንድ ቶን የሚጭነውን ሞዴል ቲቲ ሲያወጣ ያንኑ ካምቢዮ ነው የሰጠው። ሁለት ማርሽ ለጭነት አይበቃም፤ ዳገት ላይ በአንደኛው መንፏቀቅ ነው፣ በሁለተኛው ደግሞ ሞተሩ ይታነቃል። ስለዚህ ሌሎች ገቡበት። ዋርፎርድ የተባለው ተጨማሪ ካምቢዮ ከዋናው ኋላ እየተቀጠለ ማርሾቹን አበዛቸው። ለሞዴል ቲ ደግሞ ሩክስቴል የተባለው ባለ ሁለት ፍጥነት የኋላ አክስል ወጣ፤ በፎርድ ነጋዴዎች በኩል ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ያገለገለ የጭነት መኪና ካምቢዮ አውርዶ ማሻሻል እንግዲህ እንደ ራሱ እንደ ጭነት መኪናው ዕድሜ ያለው ሥራ ነው።

አውቶማቲኩን ያስገኘው ሁለተኛው ነገር ከመርከብ መጣ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር በ1905 የመርከብ ሞተርን ከአንቀሳቃሹ ጋር በብረት ፋንታ በፈሳሽ የሚያገናኝ መሣሪያ ፓተንት አስመዘገበ። አሠራሩን የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ቶሎ ይረዳዋል፤ አንደኛው መዘውር ዘይቱን ይወረውራል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሌላ መዘውር በዘይቱ ግፊት ይዞራል። በሁለቱ መካከል ብረት ከብረት አይነካካም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩ አይጠፋም። ፍሪሲዮን የሚባለው ፔዳል ከሹፌሩ እግር ሥር የጠፋው በዚህ ነው።

ሁለቱን ያጋቡት በጀነራል ሞተርስ ውስጥ በኧርል ቶምሰን የሚመሩ መሐንዲሶች ናቸው። ቶምሰን ቀደም ብሎ በ1928 ካዲላክ ላይ የወጣውን ሲንክሮሜሽ፣ ማለትም የእጅ ማርሽ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርገውን ዘዴ ያስገኘ ሰው ነው። አዲሱ ካምቢዮ ሃይድራማቲክ ተባለ፤ በ1939 መጨረሻ ለ1940ው ኦልድስሞቢል ቀረበ፤ ተጨማሪ ዋጋው 57 ዶላር ነበር። ባለ አራት ማርሽ ሲሆን ቀበቶዎቹንና ዲስኮቹን የሚያስርና የሚፈታው በዘይት ግፊት የሚታዘዝ የቫልቮች ስብስብ ነው። ይህ ቫልቭ ቦዲ የተባለው ክፍል የሚያስበው በዘይት ነው ማለት ይቻላል። እንደ ጉንዳን ቤት የተቦረቦረ ብረት ነው፤ በየመተላለፊያው ስፕሪንግ፣ ትንንሽ ቫልቭና የብረት ኳስ ተቀምጦበታል።

ዕቃው ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ የጭነት መኪና ሰዎች አይቀበሉትም ነበር። ከባድ ሥራ እንደሚችል ያሳየው ጦርነት ነው። የአሜሪካ ኤም5 ስቱዋርት ቀላል ታንክ፣ ኋላም ኤም24 ቻፊ፣ በየአንዳንዳቸው ሁለት የካዲላክ ሞተርና ሁለት ሃይድራማቲክ ተገጥሞላቸው ወጡ። ከጦርነቱ በኋላ ጀነራል ሞተርስ ለባለ ሁለት ተኩል ቶን ወታደራዊ የጭነት መኪናዎቹ፣ ለጂኤምሲ ኤም135 እና ኤም211፣ ሃይድራማቲክ ሰጣቸው። ልምድ የሌለው ወጣት ወታደር ማርሽ ሳይማር በጭቃ እንዲነዳቸው ታስቦ ነው። የአሜሪካ ጦር ግን ውሎ አድሮ ወደ ተራ ካምቢዮ ባለው ኤም35 አደላ፤ የካናዳ ጦር በበኩሉ ኤም135ን ለአሥርት ዓመታት ነድቶታል። በ1954 ሃይድራማቲክ ለተራው ገበሬና ነጋዴ በሼቭሮሌ ቀላል የጭነት መኪና ላይ ቀረበ።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ካምቢዮው ከምድረ ገጽ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ኦገስት 12 ቀን 1953 በዲትሮይት ዳርቻ ሊቮንያ ባለው የሃይድራማቲክ ፋብሪካ ውስጥ ከብየዳ የተነሳ ፍንጣሪ ዘይት ላይ አረፈ። እሳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ትልቁን ሕንፃ ጠቅልሎ በላው፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። እስከዚያን ቀን ድረስ በአሜሪካ ኢንዱስትሪ ታሪክ እንዲህ ያለ የእሳት ኪሳራ አልታየም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የፋብሪካ ጣሪያ አሠራርና የእሳት መከላከያ ደንብ የተለወጠው በሊቮንያ ምክንያት ነው። ካዲላክና ኦልድስሞቢል ለጊዜው የቢዩክን ዳይናፍሎ ካምቢዮ ተውሰው መኪናቸውን ሸጡ። ጀነራል ሞተርስ፣ በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይመረትበት ወደነበረው ወደ ዊሎው ረን ሕንፃ ተዛውሮ ሦስት ወር ሳይሞላ ማምረት ቀጠለ።

ፋብሪካው እንዲህ ተቃጥሎ ሲነሳ፣ ጋራዦቹ በጎን ሙያ እያደረጁ ነበር። ተራ ካምቢዮ የሚያውቅ መካኒክ ሃይድራማቲክ ሲከፍት የሚያየው ባዕድ ነገር ነው፦ ዲስኮች፣ ከበሮዎች፣ የዘይት ቀለበቶች፣ ከሽንብራ የማይበልጡ ኳሶች። አንዷ ኳስ በስህተት ቦታዋን ብትስት አንድ ማርሽ ይጠፋል። በ1954 የአውቶማቲክ ካምቢዮ አዳሾች ማኅበር፣ በምህጻሩ አትራ፣ ተቋቋመ፤ አንዱ መካኒክ ተሳስቶ የተማረውን ሌላው ሳይሳሳት እንዲማረው ቴክኒካዊ ጽሑፍና ሥልጠና ማሰራጨት ሥራው ሆነ። በ1953 በደቡብ ካሊፎርኒያ ቦብ ስፓርና ሞርት ሹማን ቢ ኤንድ ኤም የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሃይድራማቲክን ለእሽቅድምድም እያጠነከሩ "ሃይድሮ ስቲክ" ብለው ሸጡት። ለማንም ደካማ የሚመስለው አውቶማቲክ በእጅ ማርሽ የሚነዳውን ባላንጣ በመነሻው መስመር ላይ ሲቀድም ተመልካቹ ያየውን አላመነም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ስም ይነሳል፤ ጊል ያንገር። ትራንስጎ በተባለው ድርጅቱ በኩል "ሺፍት ኪት" የሚለውን ስም ለሙያው የሰጠ እሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካ ማርሽ ሲለወጥ ተሳፋሪ እንዳይሰማው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርገዋል። ቀስ ባለ ቁጥር ዲስኩ ከመያዙ በፊት ይንሸራተታል፤ በተንሸራተተ ቁጥር ይሞቃል። ባዶ የቤት መኪና ይህን ይችለዋል። ሁለት ቶን ተጎታች ያሰረ ፒክአፕ ግን በእያንዳንዱ ለውጥ ዲስኩን ይጠብሰዋል። ኪቱ ጥቂት ስፕሪንጎች፣ አንዳንድ ኳሶችና ቀዳዳዎቹ የሰፉ አንድ ስስ ሳህን ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ቀዳዳውን መካኒኩ ራሱ በትሪፓኖ ያሰፋዋል። ማርሹ ጠበቅ ብሎ፣ በአንዴ ይገባል። ተሳፋሪው ትንሽ ይገፋል፤ ካምቢዮው ግን ዕድሜው ይረዝማል። በካምቢዮ ታሪክ ውስጥ በዚህ አነስተኛ ዋጋ ይህን ያህል ጥቅም የሰጠ ሌላ ማሻሻያ መኖሩ ያጠራጥራል።

ንግዱም የራሱን ልማድ አበጀ። የታደሰ ካምቢዮ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በላይ መያዣ ያስቀምጣል፤ አሮጌውን ሬሳ፣ በእነሱ አጠራር "ኮሩን"፣ ሲያስረክብ መያዣው ይመለስለታል። ሬሳው ይታጠባል፣ ይታደሳል፣ ለሌላ መኪና ይሄዳል። የአንዱ ገበሬ የተቃጠለ ካምቢዮ ዓመት ሳይሞላ በሌላ ክፍለ ሀገር ባለ መኪና ሥር እንደ አዲስ ይሠራል።

ዘይቱም ታሪክ አለው፤ ትንሽ ያሳዝናል። ጀነራል ሞተርስ በ1949 ለአውቶማቲክ የሚሆነውን ፈሳሽ "ታይፕ ኤ" ብሎ ደረጃ አወጣለት፤ በ1967 ዴክስሮን ተከተለው። ዲስኮቹ ሳይንቀጠቀጡ ለስለስ ብለው እንዲይዙ ከሚጨመሩት ነገሮች አንዱ የስፐርም ዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር። ከውቅያኖስ ግዙፍ ፍጥረታት አንዱ የታደነው በከፊል የአሜሪካ ቤተሰብ መኪና ማርሹን በልስላሴ እንዲቀይር ነበር ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሕግ ሲከለክለው ኬሚስቶች ምትክ ለመፈለግ ተሯሯጡ፤ ዛሬ በካምቢዮ ዘይት ውስጥ ዓሣ ነባሪ የለም። ሕጉ ልክ ነበር።

በ1964 የወጣው ቱርቦ ሃይድራማቲክ 400 ለጭነት መኪና ሰዎች የልብ ዕቃ ሆነ። ሦስት ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ ግን ክፍሎቹ ሁሉ ወፍራም ናቸው። ከሼቭሮሌ የጭነት መኪና እስከ ሮልስ ሮይስ፣ ከጃጓር እስከ ፌራሪ 400 ድረስ ተገጥሟል፤ የአሜሪካ ጦር ሃምቪ ከመንገድ ውጪ ሲርመሰመስ የኖረውም በዚሁ ዘር ካምቢዮ ነው። ችግሩ ነዳጅ ሲወደድ መጣ። አራተኛ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያሳርፍ ረጅም ማርሽ ያስፈልግ ነበር። በ1982 የወጣው 700አር4 ያንን ይዞ መጣ፤ አንደኛ ማርሹ 3.06፣ አራተኛው 0.70 ነው። ሐሳቡ ግሩም፣ አካሉ ደካማ ነበር።

የ700አር4ን የመጀመሪያ ዓመታት የሚያስታውስ መካኒክ ስለ አንድ ቀጭን ሽቦ ሳያወራ አይውልም። ሽቦዋ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው ትሄዳለች፤ ሹፌሩ ምን ያህል እንደረገጠ ለቫልቭ ቦዲው ትነግረዋለች፤ ቫልቭ ቦዲውም በዚያው ልክ የዘይቱን ግፊት ይጨምራል። ሽቦዋ በትክክል ካልተስተካከለች ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየጎተተ ካምቢዮው በትንሽ ግፊት ይይዛል። ሦስተኛና አራተኛን የሚይዙት ዲስኮች ይንሸራተታሉ፤ ይጠቁራሉ። ብዙ ሰው አዲስ ካርቡራቶር አስገጥሞ ሽቦዋን እንደነገሩ አስሮ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ካምቢዮውን ገድሏል። ጀነራል ሞተርስ ራሱ እየደጋገመ አጠናከረው፤ የመግቢያ ሻፍቱ ከ27 ወደ 30 ጥርስ ከፍ አለ፤ በ1987 አካባቢ የወጡት ከቀደሙት በጣም ይሻላሉ። ያገለገለ 700አር4 ፈልጎ የሚገዛ ሰው ዓመቱን የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አዳሾቹም የራሳቸውን አከሉ። ለኮርቬት ስፖርት መኪና የተሠራውን ሰፊ ፒስተን ወስደው የፒክአፑ ሁለተኛ ማርሽ ቀበቶ ላይ ገጠሙት፤ ፒስተኑ ሲሰፋ ቀበቶው ጠብቆ ያንቃል። የሦስተኛና የአራተኛ ዲስኮች ስድስት ከነበሩ ሰባት ወይም ስምንት አደረጓቸው። እዚህ ላይ ሙያው እስከዛሬ ይከራከራል። ከበሮው አይሰፋም፤ ዲስክ ለመጨመር በመካከላቸው ያሉት የብረት ሳህኖች መቅጠን አለባቸው። ቀጭን ብረት ደግሞ ሙቀት አይሸከምም። ብዙ ዲስክ ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው ማስታወቂያ ሙሉ እውነት አይደለም፤ ሸክም ለሚጎትት መኪና ከዲስኩ ቁጥር ይልቅ ሙቀቱን የሚውጠው ብረት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በኋላ ፋብሪካው የ700አር4ን ልጅ 4ኤል60ኢን አጠንክሮ 4ኤል65ኢ ብሎ ሲያወጣ የፕላኔት ጥርሶቹን ከአራት ወደ አምስት አሳድጎ ሸክሙን አከፋፈለ።

ሌላው ትልቅ ትምህርት ቤት የናፍጣ ሞተር ነው። በ1989 ክራይስለር በዶጅ ራም ፒክአፕ ላይ 5.9 ሊትር የከሚንስ ቱርቦ ናፍጣ አስገባ። ፈረስ ጉልበቱ 160 ብቻ ነው፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን 540 ኒውተን ሜትር ገደማ ነበር። ከኋላው የተሰለፈው አውቶማቲክ በ1962 የወጣው የቶርክፍላይት 727 ዘር ነው፤ ጎበዝ ካምቢዮ፣ ግን ለቤንዚን ሞተር የተወለደ። ናፍጣ ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ጊዜ ነው። የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሸክሙ ከሁሉ በሚከብድበት ሰዓት ፓምፑ ከሁሉ ይልቅ ይዳከማል ማለት ነው። ባለቤቶቹ ሞተሩን አስነክተው ጉልበት ሲያስጨምሩ ነገሩ ባሰ።

አዳሾቹ መልሱን በየክፍሉ ፈለጉት። የዘይቱን ግፊት ከሥር ከፍ አደረጉ። የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረውን የቶርክ ኮንቨርተር የፊት ክዳን ከስስ ቆርቆሮ ፋንታ ከወፍራም ብረት አስቀርጸው አሠሩ፤ ፋብሪካው የሰጠው በጉልበት ብዛት ይታጠፍ ነበርና። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አስተዋሉ። በእነዚህ የክራይስለር ካምቢዮዎች ማርሹ ፓርክ ላይ ሲሆን ዘይት ወደ ኮንቨርተሩ አይሄድም። ሹፌሩ በብርድ ጠዋት መኪናውን ፓርክ ላይ አስነስቶ "ይሙቅ" ብሎ ቡና ሊጠጣ ይገባል፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ ካምቢዮው ግን ዘይቱ ሳይዘዋወር ይቆያል። የሚሻለው ፍሬኑን ይዞ ኒውትራል ላይ ማሞቅ ነው፤ የዘይቱም መጠን የሚለካው እዚያው ኒውትራል ላይ ነው። በኋላ የወጡት የማሻሻያ ኪቶች በፓርክም ዘይቱ እንዲዘዋወር መንገዱን ከፈቱለት።

እድሳቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ለሙያው ያለው ክብር ይጨምራል። ካምቢዮው ይወርዳል፤ ከዘይት ጋር መቶ ኪሎ የሚያልፍ አለ። መጀመሪያ የሚከፈተው የታችኛው ሳህን ነው። ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ ካለ የዕድሜ ነገር ነው፤ ነሐስ የሚመስል ቅንጣት ወይም የብረት ስንጣሪ ካለ አንድ ኩሽኔታ ወይም ቡሽ ተበልቷል። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ እንጀራ ከሸተተ ዲስኮቹ አልቀዋል። ሁሉም ክፍል እየወጣ በተራ ይደረደራል፤ ልምድ ያለው ሰው ያወጣበትን ቅደም ተከተል አያፋልስም።

አዲሶቹ ዲስኮች ደረቃቸውን አይገቡም። ዘይት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይነከራሉ፤ ደረቅ ዲስክ በመጀመሪያው ማርሽ ለውጥ ይቃጠላልና። የዲስኮቹ ጥቅል ከበሮው ውስጥ ሲገባ የሚተርፈው ክፍተት በስስ የመለኪያ ምላጭ ይለካል፤ ከሰፋ ማርሹ ይዘገያል፣ ከጠበበ ዲስኮቹ ሳይፈለጉ ይፋተጋሉ። የጎማ ሲሎቹ ከንፈራቸው እንዳይታጠፍ በጣት ዙሪያውን እየተዳሰሱ ይገባሉ። ትንንሾቹ ኳሶችና ሮንዴላዎች ከቦታቸው እንዳይወድቁ በቫዝሊን ይጣበቃሉ፤ ቅባቱ ሞቆ ከዘይቱ ጋር ይቀልጣል። ከዚያ መካኒኩ ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት በየዘይት ቀዳዳው የታመቀ አየር ይነፋል። ጥቅሉ ሲይዝ "ዱብ" የሚል ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የሌለ ወይም አየሩ የሚያፏጭ ከሆነ አንድ ሲል ተበላሽቷል፤ ሥራው ተመልሶ ይበተናል። መኪናው ላይ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ከመስማት ጠረጴዛው ላይ መስማት ይሻላል።

የመጨረሻው ፈተና ኮንቨርተሩ ነው። ወደ ቦታው ሲገባ እየተዟዟረ ይገፋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠለቅ፣ ጠለቅ ሲል በእጅ ይሰማል። የመጨረሻውን መጥለቅ ያልጠበቀ ችኩል ሰው ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር በብሎን ስቦ ያጋጥመዋል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ኮንቨርተሩ የዘይት ፓምፑን ይሰብረዋል። የሳምንት ሥራ በአንድ ዙር ብሎን ይጠፋል።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ዘይቱ ብቻውን ማሰብ አቆመ። ፎርድ በ1989 ኢ4ኦዲን፣ ጀነራል ሞተርስ በ1991 4ኤል80ኢን አወጡ፤ ሁለቱም በኮምፒውተር ይታዘዛሉ። 4ኤል80ኢ የጥንቱ ቱርቦ 400 ልጅ ነው፤ አራተኛ ማርሽና ኤሌክትሪክ ቫልቮች ተጨምረውለታል። የጥገናው ሰው ከካቻቢቴው ጎን ስካነር መያዝ ግድ ሆነበት። አሮጌው ችግር ግን አልጠፋም። በአሉሚኒየም ቫልቭ ቦዲ ውስጥ ቫልቮቹ በየሴኮንዱ እየተመላለሱ መቀመጫቸውን ይበሉታል፤ ግፊት ያፈስሳል። ቀድሞ እንዲህ ያለ ቫልቭ ቦዲ ይጣል ነበር። በቨርሞንት ያለውን ሶናክስን የመሰሉ አምራቾች መቀመጫውን አስፍቶ የሚሞርድ መሣሪያና በዚያው ልክ የወፈረ ቫልቭ አቀረቡ፤ ሊጣል የነበረው ብረት ከነበረበት ተሽሎ ይመለሳል።

ከፒክአፕ በላይ ባለው ዓለም የገነነው አሊሰን ነው። ጄምስ አሊሰን በ1915 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የመሠረተው ወርክሾፕ በ1929 በጀነራል ሞተርስ ተገዛ፤ የታንክ፣ ከዚያም የአውቶቡስና የከባድ መኪና አውቶማቲክ ሠርቶ የቆሻሻ መኪናና የእሳት አደጋ መኪና ዋና ካምቢዮ ሆነ። በ2007 ጀነራል ሞተርስ በ5.6 ቢሊዮን ዶላር ሸጠው። ከ2001 ሞዴል ጀምሮ አሊሰን 1000 ከዱራማክስ ናፍጣ ጋር በፒክአፕ ላይ መጣ። ይህ ካምቢዮ መንሸራተት ሲሰማው ራሱን ለማዳን ማርሽ መቀየሩን ያቆማል። ባለቤቱ ሞተሩን አስነክቶ ጉልበት ሲያበዛበት መንገድ ላይ አንድ ማርሽ ይዞ ይቀራል። አዳሾቹ እዚህም ደርሰዋል፦ የተሻለ ዲስክ፣ የጠነከረ ሻፍት፣ ከፍ ያለ ግፊት።

አውቶማቲክን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ሙቀት ነው። በሙያው ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው ስሌት ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በየ11 ዲግሪው ሲሞቅ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ሸክም የሚጎትት ሰው ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ቢያስገጥም፣ ለገንዘቡ ከማንኛውም ውድ ዲስክ የበለጠ ይመለስለታል። አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ይዘነጋል። አሮጌው ካምቢዮ ሲሞት የረገፈው ብረትና የተቃጠለ ገበር በማቀዝቀዣው ቱቦዎች ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ የታደሰው ካምቢዮ ሥራ ሲጀምር ያ ቆሻሻ ተመልሶ ይገባበታል። ስለዚህ ለጭነት መኪናው ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ የሚያሳድስ ሰው፣ አዲስ አበባም ይሁን ዳላስ፣ ማቀዝቀዣው መታጠቡን ወይም መቀየሩን በዓይኑ ሳያይ የመኪናውን ቁልፍ አይቀበል።